ወረቀት ገዳይ አረር

በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል አካባቢ ካለው የአገሬ ሰው መካከል የጠመንጃ ጥይቱን በገዛ እጁ ሞልቶ የሚተኩስ ከእኔ ሌላ መኖሩን አልሰማሁም። ካለ ይቅረብና እንተያይ። ክሪስታል በምትባለው የሚኒያፖሊስ ዳርቻ ከተማ ካለው ቤታችን ምድር ቤት፣ ከልብስ ማጠቢያው ጎን፣ የሥራ ጠረጴዛዬ አለ። ባሩድ የምመዝንበት ሚዛንና የተተኮሰ ቀለህ የማስተካክልበት መጭመቂያ በላዩ ላይ ናቸው፤ አረሮቹ በየዓይነታቸው በባዶ የማርማላታ ብልቃጥ ተቀምጠዋል። ይህን ሁሉ ያስተማረኝ ሰው የለም። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ታክሲ ስነዳ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ጠመንጃ የጨበጥኩትም ጸጉሬ ከሸበተ በኋላ ነው። መጽሐፍ ገዛሁ፤ ያልገባኝን ቃል እያሰመርኩ አነበብኩ፤ ቪዲዮውን እያቆምኩ ደግሜ ደጋግሜ አየሁ። ዛሬ ወደ ተኩስ መለማመጃው ስሄድ በግራና በቀኝ ያሉት ፈረንጆች የራሳቸውን ዒላማ ትተው የእኔን በመነጽር ያያሉ። ጥይቶቼ አንዱ በሌላው ቀዳዳ ስለሚያልፉ ወረቀቴ ላይ የሚታየው አንድ ቀዳዳ ነው። አንዱ ፈረንጅ «ሌሎቹን ሳትካቸው እንዴ?» ብሎኝ፣ ሄዶ በጣቱ ዳስሶ ነው ያመነው።

ይህን የምጽፈው ለመመካት ብቻ አይደለም። ለመመካትም ነው፤ የሠሩትን መደበቅ ትሕትና ሳይሆን ስስት ነው። ዋናዋ ግን ባለቤቴ ናት። ስለ አረር የማውቀውን ሁሉ በአንድ የአደን ወራት የፈተነችው እሷ ናት።

ሐምሌ ላይ ሆዷን ቀዶ ሕክምና ተደረገላት። ሥራው ተሳክቷል ተባልን፤ ቀጣዩ ሕክምና እንዲጀመር ግን ሰውነቷ መጠንከር፣ ክብደቷም መጨመር እንዳለበት ሐኪሟ ነገራት። እሷ ደግሞ መብላት አቃታት። ዕድሜዋን ሙሉ ነርሲንግ ሆም ውስጥ ሽማግሌና አሮጊት ስታጎርስ የኖረች ሴት የራሷን ጉርሻ መዋጥ ተሳናት። የበሬ ሥጋ ገና ድስት ሳይነካ ይሸታታል። የዶሮ ስም አይነሣም። ልጃችን ከሴንት ሉዊስ ፓርክ በየሳምንቱ የምታመጣው የፕሮቲን መጠጥ ፍሪጁን ሞልቶታል። «ማሚ፣ ጀስት ትራይ ኢት» ትላታለች፤ እናቷም «እሺ፣ በኋላ» ትላለች፤ በኋላ ግን አይመጣም። ቀለበቷ ከጣቷ እየወለቀ ሲያስቸግራት በአንገት ሐብሏ ላይ አንጠለጠለችው። እኔም አይቼ እንዳላየ ሆንኩ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መስኮቱ አጠገብ እንደተቀመጠች፣ አንዲት አጋዘን ከጎረቤት አጥር ዘልላ ገብታ ጓሮ የተከልኩትን ጎመን ትግጥ ጀመር። ላባርራት ስነሣ ባለቤቴ እጄን ያዘችኝ።

«ተዋት። የዚህች ሥጋ እኮ አይሸተኝም ነበር።»

«መቼ በልተሽ ነው?»

«መቼ በላሁ! ሥራ ቦታ አብራኝ የነበረችው ሴትዮ ባሏ ያደነውን ጠብሳ ታመጣ ነበር። ሽታው እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ላይ አለ። ብትለምነኝ ብትለምነኝ እንቢ አልኳት። ማን እንዳረደው ሳላውቅ በክት ልብላ?»

ባለቤቴን የማያውቅ ይህን ላያስተውለው ይችላል። ስመ ሥላሴ ያልተጠራበት፣ ቢላ አንገቱን ያልነካው፣ ደሙ ያልፈሰሰ ሥጋ ለእሷ በክት ነው። እዚህ አገር ከመጣን ጀምሮ የሱፐርማርኬት ሥጋ ቤታችን ገብቶ አያውቅም፤ ከገበሬ ገዝተን ቅርጫ እየገባን ነው የኖርነው። እና ያን ቀን «አይሸተኝም ነበር» ስትል ልቤ ዘለለ። ከታመመች ወዲህ አንድ የምግብ ስም በፍላጎት ስታነሣ መስማቴ ነበር። በልቤ ወሰንኩ፤ አጋዘን ገድዬ አበላታለሁ። በክትም አይሆንም። ጊዜው ግን ጠባብ ነው፤ የአደኑ ወራት በጥቅምት መጨረሻ ይከፈታል፣ ኅዳር አሥራ አምስት ላይ ደግሞ ጾመ ነቢያት ይገባል። ታማሚ አይጾምም ብትባል እሷ አትሰማም። ከዚያ በኋላ እስከ ገና ሥጋ የለም።

አሁን ስለ አረር ማወቅ ያስፈልጋል፤ በአጭሩ እነግራችኋለሁ። አረር ማለት ከጥይቱ ተለይቶ የሚሄደው ጫፉ ነው። የአደን አረር አፍንጫው ለስላሳ እርሳስ ነው፤ ሥጋ ሲነካ እንደ ጃንጥላ ይከፈታል፣ ሰፊ መንገድ ይቀድዳል፣ እንስሳው ቶሎ ያርፋል። የዒላማ አረር ግን የተሠራው ለወረቀት ነው። ቀጭንና ሾጣጣ ነው፤ ጫፉ ላይ በመርፌ የተወጋች የምትመስል ቀዳዳ አለችው። ብዙ ሰው ያቺን ቀዳዳ አይቶ ይከፈታል ብሎ ይሳሳታል። ቀዳዳዋ ከአሠራሩ የቀረች ናት፤ ክብደቱ ወደ ኋላ ሆኖ ቀጥ ብሎ እንዲሄድ ታግዘዋለች እንጂ ለመክፈት አልተሠራችም። ወረቀት ላይ አንድ ቀዳዳ የምሠራው በእሱ ነው።

ሐሳቤ እንዲህ ነበር፤ የአደን አረር ልብና ሳንባውን ቢያገኘው አጋዘኑ እኔ ሳልደርስ ይሞታል፣ ቢላዬ የሚያርፈው በድን ላይ ነው፣ ለባለቤቴም በክት ሆነ ማለት ነው። የዒላማ አረር ግን እንደ መርፌ ወግቶ ያልፋል። እኔ ደግሞ የፈለግሁበት ቦታ አስቀምጠዋለሁ። አንገቱ ሥር ባሳርፈው ይወድቃል እንጂ አይሞትም፤ እኔም ሄጄ በስመ አብ ብዬ በወጉ አርደዋለሁ።

ይህን ለአሥር አለቃው ነገርኩት። አሥር አለቃው አገር ቤት ወታደር የነበረ፣ እዚህ ደግሞ በሴንት ፖል አውቶቡስ ሲነዳ የኖረ ወዳጄ ነው። ጥይት ስሞላ ምድር ቤት ይወርድና ወንበር ስቦ ሥራዬን መተቸት ይወዳል።

«የኔታ፣» አለኝ እንደ ልማዱ እያሾፈ፣ «አጋዘኑን ማን ይዞልህ ይቆማል?»

«እኔ ያነጣጠርኩት ነገር አምልጦኝ አያውቅም።»

«ወረቀት ምን እግር አለውና ያመልጥሃል!» ከወንበሩ ተነሥቶ የማጠቢያውን መጥረጊያ እንደ ጦር ነቀነቀው። «ዘራፍ! ወረቀት ገዳይ! ካርቶን ጣይ! የጋዜጣ ጠላት፣ የክሪስታሉ ነብር!»

ባለቤቴ ከላይ ሆና ስትስቅ ሰማናት።

«አንተስ በጦር ሜዳ ያን ሁሉ ዘመን ስትተኩስ ምን መታህ?» አልኩት።

«ሰማዩን። አንድም ቀን ስቼው አላውቅም።»

ከሳቅን በኋላ ቁም ነገር ተናገረ። «ደንቡ ለአጋዘን የሚከፈት አረር ነው እኮ የሚለው።» ደንቡን ከእሱ ቀድሜ አንብቤዋለሁ፤ ያላነበብኩት ነገር የለም። ይከፈታል አይከፈትም የሚለውን ግን ሰው ሳይሆን አረሩ ራሱ ይንገረኝ አልኩ።

ለፋሲካ በግ የምንገዛው ገበሬ በስተሰሜን፣ ከከተማው ርቆ፣ ጫካ ያለበት ሰፊ መሬት አለው፤ እዚያ እንድናድንም ይፈቅድልናል። ከሴንት ፖል ሱቆች ባዶ ካርቶን ሰበሰብን፣ አሮጌ ጋዜጣ በውሃ ነክረን ጠቅጥቀን ሞላናቸው፣ አንዱን ከአንዱ ኋላ ደረደርናቸው። እርጥብ ጋዜጣ ሥጋ አይደለም፤ ግን አረር ያለፈበትን መንገድ አይደብቅም። ይህንንም ማንም አልነገረኝም፤ በኋላ ሌሎችም እንደሚያደርጉት ሳይ ደስ አለኝ።

የመጀመሪያው የዒላማ አረር እንዳልኩት ሆነ። በመርፌ ቀዳዳ ገባ፣ በመርፌ ቀዳዳ ወጣ፣ ካርቶኖቹን ሁሉ አልፎ ጫካ ገባ። አሥር አለቃውን ቀና ብዬ አየሁት። ሁለተኛው፣ ከዚያው ብልቃጥ የወጣ፣ በዚያው ባሩድ የተሞላ፣ ገና መጀመሪያው ካርቶን ውስጥ ብትንትኑ ወጣ፤ ጋዜጣውን እንደ ገንፎ አቦካውና የአረሩ መዳብ ልባስ እንደ ምስር ተዘራ። ሥጋ ቢሆን ኖሮ የሚበላ ነገር ባልቀረ። ሌላው መሐል መንገድ ላይ ተጋድሞ በጎን በኩል ወጣ፤ የት እንደገባ ፈልገን አጣነው። ቀጥዬ የአደኑን አረር ተኮስኩ። ተከፈተ። ደገምኩ። ያንኑ ያህል ተከፈተ፣ ያንኑ ያህል ሄደ፣ መጨረሻው ካርቶን ውስጥ እንደ ጃንጥላ ተዘርግቶ አገኘነው።

አሥር አለቃው እርጥቡን ጋዜጣ እየገለበጠ ሲያይ ቆየና «ለካ ነውሩ የአንተ አይደለም፤ የአረርህ ነው» አለ። ከእሱ አፍ ይህ እንደ ምስጋና ይቆጠራል።

በዒላማ አረር አጋዘን የጣለ ሰው የለም አልልም። ሞልቷል፤ ፈረንጆቹ በቪዲዮ ያሳያሉ። የሚያሳዩት ግን የተገኘውን ነው፤ ቆስሎ ጫካ ገብቶ የቀረውን ማን ያነሣዋል? እኔ የደረስኩበት እውነት ይህ ነው፤ የዒላማ አረር እስከ ቆዳው ድረስ ታማኝ ነው። ከቆዳው ወዲያ ምን እንደሚሠራ እሱም አያውቅም።

እቤት ስመለስ ባለቤቴ ትንሽ አጥሚት ይዛ ተቀምጣ ነበር፤ ማንኪያው ይዞራል እንጂ አይነሣም። የሆነውን ነገርኳት።

«እና ምን አሰብክ?»

«የሚከፈተውን እይዛለሁ። ግን ቶሎ የሚሞትበት ቦታ አልመታውም። ወገቡን እሰብረዋለሁ። እስክደርስ ይተኛል።»

ማንኪያውን አስቀመጠች። «እስክትደርስ ምን ሲያደርግ ይቆያል?»

«ማን?»

«አጋዘኑ።»

«ይጠብቀኛላ።»

«አንተ ሰውዬ፣ እኔ እኮ ሆዴን ተከፍቼ ተኝቼ አውቃለሁ። ሰው እስኪደርስልኝ መጠበቅ ምን እንደሆነ አየሁት። አንተ ደግሞ በዚያ በሚያምህ ጉልበትህ እስክትደርስ… ለእኔ ብለህ ይህን በፍጥረት ላይ አታድርግ። ሳልበላ ብቀር ይሻለኛል።»

ምድር ቤት ወርጄ የዒላማዎቹን ብልቃጥ ክዳን ጠበቅ አድርጌ ዘጋሁና ከላይኛው መደርደሪያ ሰቀልኩት። ስመለስ እሷ ለነፍስ አባቷ ስልክ ደውላ ድምፁን ከፍ አድርጋዋለች።

«አባ፣ የአዳኝ ነገር እንዴት ነው? ቢላው ሳይደርስ ቢሞትስ?»

«የአዳኝ ቢላው ሩቅ ነው፣ ልጄ። ስመ ሥላሴን ጠርቶ ይተኩስ፤ ሳያሠቃይ ይግደል፤ እንደ ደረሰ ደሙን ያፍስስ። ከዚያ በኋላ ያለው የአንቺ ኅሊና ነው። ደግሞ አንቺ ታማሚ ነሽ፣ ጾሙንም ቢሆን…»

«አባ፣ ስለ ጾሙ አልጠየቅሁም።»

«አውቄ ነው እኮ» አሉና ሳቁ።

ስልኩን ዘግታ ወደ እኔ ዞረች። «አብሬህ እሄዳለሁ።»

«የት? ብርድ ነው! ለምን?»

«አንተ ቃታ ስትስብ ስመ ሥላሴ ትዝ የሚልህ ይመስልሃል? ትዝ የሚልህ ማታ ለአሥር አለቃው የምታወራው ነው። ጆሮዬ ካልሰማ አልበላም።»

እንዲህ ሆኖ በመክፈቻው ቅዳሜ ባለቤቴን ይዤ አደን ወጣሁ። አዳኝ ከሩቅ እንዲታይ የሚለበሰው ሰደርያ ብርቱካንማ ነው፤ ደማቅ ሮዝም ይፈቀዳል። እሷ ሮዙን መርጣ በጋቢዋ ላይ ደረበችው። ገበሬው በፒክአፑ ጫካው ጫፍ ላይ ከሠራሁት ዳስ ደጃፍ አደረሰን። አሥር አለቃው ወደ ማዶው ዛፍ ሲሄድ ዞር ብሎ «እትዬ፣ ከሳተ አሳውቂኝ፤ ማዶ ሆኜ እንድስቅ» አላት።

«አንተ ሰማይህን ጠብቅ!» አለችው።

ዳሱ ውስጥ ትንሽ የጋዝ ማሞቂያ ነበረን። ጉልበቷን በብርድ ልብስ ጠቀለልኩላት። ከፔርሙዙ አጥሚት ቀዳሁላት፤ ለእኔ ስትል አንድ ሁለቴ ተጎነጨች። ስለ ነፋስ አቅጣጫ፣ አጋዘን ሰውን በጠረኑ ከሩቅ እንዴት እንደሚያውቅ በሹክሹክታ አስረዳኋት። ከልብ እያዳመጠችኝ ነው ብዬ ዞር ስል ራሷን ትከሻዬ ላይ ጥላ እንቅልፍ ወስዷታል። በቀኝ ትከሻዬ ላይ፣ ሰደፉን በማስደግፍበት።

ያኔ አንድ ትልቅ ባለ ቀንድ ከጫካው ወጣ። እንደዚያ ያለ ቀንድ በመጽሔት ሽፋን ላይ እንጂ በዓይኔ አይቼ አላውቅም። እየጋጠ ከፊት ለፊታችን አለፈ። ትከሻዬን ባንቀሳቅስ ትነቃለች። ከቀዶ ሕክምናው ወዲህ ቀን እንዲህ ተኝታ አይቻት አላውቅም፤ አፏ ትንሽ ተከፍቶ፣ ትንፋሿ ሮዙን ሰደርያ ከፍ ዝቅ እያደረገው። አጋዘኑ እስኪሰወር ድረስ ጣቴን እንኳ አላንቀሳቀስኩም። ያን ያህል ፀጥ ብሎ መቀመጥ የሚችል አዳኝ በዚህ ክፍለ ሀገር ካለ ያሳዩኝ።

ስትነቃ «የመጣ ነገር አለ?» አለች።

«ምንም።»

ፀሐይ ማዘቅዘቅ ስትጀምር ሌላ መጣ፤ ቀንዱ ገና ሹካ የሆነ ወጣት ወንድ። በዛፎቹ መካከል ቶሎ ቶሎ ይራመዳል። ጠመንጃውን አነሣሁ። አነጣጠርኩ፣ ትንፋሼን ዋጥኩ። እሱ ግን አይቆምም፤ ግንዱ ይከልለዋል፣ ይወጣል፣ ደግሞ ይከልለዋል። ሌላ ነገር ከራሴ ጠፋ፤ ያለው እሱና የመነጽሩ መስቀል ብቻ ነው።

«በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ!»

ሹክሹክታ አልነበረም። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንደምትለው፣ ከወራት ወዲህ ያልሰማሁት ሙሉ ድምፅዋ ነበር። አጋዘኑ ቀጥ አለ። ጎኑን ሰጥቶን፣ ራሱን አንሥቶ፣ ጆሮዎቹን ወደ ዳሱ አዞረ። ቃታውን ሳብኩ፤ አረሩን ከትከሻው ኋላ አስቀመጥኩለት። አንዴ ዘለለ፣ ጥቂት ሮጠ፣ እዚያው ገላጣው ሣር ላይ ወደቀ።

በዚያ ጉልበቴ ሮጥኩ። ስደርስ ዓይኑ ቆሟል። በስመ አብ ብዬ አንገቱን ቆረጥኩት፤ ደሙ ሞቆ በብዛት ወረደ። ግን ሞቶ ነበር። የሚከፈተው አረር ሥራውን ሠርቷል፤ በሕይወት አልደረስኩበትም። ይህን ከእሷ ልደብቀው አልችልም፣ አልፈልግምም።

ባለቤቴ በደረቀው ሣር ላይ ዱላዋን እየተመረኮዘች ቀስ ብላ መጣች። ቆማ አየችው። ፊቷን ብቻ ነበር የማየው። ያ ሁሉ ባሩድ፣ ያ ሁሉ ካርቶን፣ ልጃችን የምታመጣው ያ ሁሉ ጠርሙስ፣ ሐኪሙ የሚጠብቀው ክብደት፣ ሁሉም አሁን ከአፏ በሚወጣው አንድ ቃል ላይ ሆነ።

«ሞቶ ነው የደረስኩበት» አልኳት።

«አይቻለሁ።» ጎንበስ ብላ ጆሮውን ነካችው። «ስሙን ሰምቶ ነው የቆመው። አላየህም? እየሄደ ነበር። ሰምቶ ቆመ።» ቀና አለችና «አልቆየም ደግሞ። አልተሠቃየም» አለች። ከዚያ በረጅሙ ተነፈሰች። «ይበላል።»

አሥር አለቃው ከማዶ እየጮኸ መጣ። «እትዬ! የማን ድምፅ ነው የሰማሁት? ቅዳሴ ገባ እንዴ?»

«የኔታህ ረስቶት ነበር» አለችው።

«አልረሳሁም! ልለው ነበር።»

«መቼ? ለአርባው?»

ልል ነበር። አሁንም እላለሁ፤ ልል ነበር።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ እኔው ጠበስኩላት፤ ጥብስ ላይም ቢሆን ማንም አላስተማረኝም። ከጀርባው ለስላሳውን መርጬ፣ ሞራውን ሁሉ አንሥቼ፣ በቀይ ሽንኩርትና በትንሽ የጥብስ ቅጠል። ምጣዱ ሲጮኽ ከበስተኋላዬ ወንበር ሲሳብ ሰማሁ። ወጥ ቤት መጥታ ተቀምጣለች፤ ሽታውን ሸሽታ ወደ መኝታ ቤት አልሄደችም።

ትንሽ አድርጌ ሰሐን ላይ አወጣሁላት። አንዷን ቁራጭ በእንጀራ ጠቅልላ ጎረሰች። ብዙ አኘከች። እኔ ምጣዱን እንደያዝኩ ቆሜያለሁ። ዋጠች። ትንሽ ጠበቀች፤ ሆዷ ምን እንደሚል ትሰማ ነበር። እኔም አብሬያት ሰማሁ። ሌላ ጎረሰች። ከዚያ ሌላ። ሰሐኑ ባዶ መሆን ሲጀምር ማውራት ያዝኩ፤ ሥጋው እንዲህ ንጹሕ የሆነው አረሩ በልኩ ስለ ተከፈተ መሆኑን፣ የዒላማው ቢሆን ኖሮ ወይ ተበትኖ…

«አንተ ሰውዬ፣» አለችኝ ሰሐኑን ወደ እኔ እየዘረጋች፣ «ዝም በልና ጨምርልኝ።»

ዝም አልኩና ጨመርኩላት።